የሩቁን የሚያይ፣ የዕለቱን የሚያስኬድ

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወደ አገር ቤት ቲኬት የቆረጠ ወገናችን ያስታውሰው ይሆናል፤ የጉዞ ወኪሉ ዓይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ፣ ቁልፎቹን እየነካካ «ትንሽ ጠብቁኝ» ይል ነበር። (ዘመኑ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ለመሆኑ ያ ስክሪን ከየት መጣ?

በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካን ኤርላይንስ አንድ ወንበር ለመያዝ በአማካይ 90 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ሠራተኞቹ በሚሽከረከር የካርድ ሣጥን ዙሪያ ተቀምጠው በእጃቸው ያገላብጣሉ። በ1953 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ ሲበሩ ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ብሌር ስሚዝ የሚባል የአይቢኤም ሻጭ ሆኖ ተገኘ። ሞክሼነቱ ጨዋታ አመጣ፤ ጨዋታውም ሥራ አመጣ። ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ከወጣበት በኋላ በ1964 ሴበር የተባለው ሥርዓት የኩባንያውን የቲኬት ሥራ በሙሉ ተረከበ።

ልብ በሉ፤ ሴበር ሲወለድ የዕለት ሥራ ማቅለያ ነበር። ከ1976 ጀምሮ ግን መሣሪያው በየጉዞ ወኪሉ ቢሮ ገባና ሌላ ነገር ሆነ። ወኪሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ያየውን በረራ ነውና፣ የስክሪኑ ባለቤት የራሱን በረራ ከላይ አስቀመጠ። ተፎካካሪዎች ጮኹ፤ መንግሥትም በ1984 ይህን አድልዎ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ያም ሆኖ የዓለም ነጋዴዎች ትምህርቱን ወስደው ነበር፤ ኮምፒውተር የገበያ ጦር መሣሪያ ነው!

በዚያው ሰሞን ዊልያም ሲኖትና ዊልያም ግሩበር በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የመረጃ ዋና ኃላፊ የሚባለውን ሹመት አስተዋወቁ። ምድር ቤት ማሽን ሲጠብቅ የኖረው የኮምፒውተር ክፍል አለቃ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ጠረጴዛ ይጋራ ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁንና ወንበሩ ከፍ ባለ ቁጥር ማሽኑን ማን ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ ተረሳ።

በአሜሪካን የሴበር ዋና አንቀሳቃሽ የነበሩት ማክስ ሆፐር ይህ የገባቸው ይመስላል። በ1990 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጡት ጽሑፍ፣ የራስን ሥርዓት ሠርቶ ተፎካካሪን የመቅደም ዘመን እያበቃ መሆኑን ተከራከሩ። ሁሉም ሊገዛው የሚችለው ነገር ለማንም ብልጫ አይሰጥምና። ነገር ግን የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ እንዲሉ፣ በ1992 እዚያው ቤት ጉድ ተሰማ። የሴበር ባለቤቶች ከሂልተን፣ ከማሪዮትና ከበጀት ጋር የጀመሩት ኮንፈርም የተባለ የሆቴልና የኪራይ መኪና ሥርዓት ወደ 125 ሚሊዮን ዶላር በልቶ ፈረሰ። አንዳንድ የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ሥራው ያለበትን ትክክለኛ ሁኔታ በጊዜው እንዳልገለጹ ሆፐር ራሳቸው ለሠራተኞቻቸው ጽፈዋል። ታላቁን ስልት የነደፈው ድርጅት የገዛ የዕለት ሥራውን እውነት መስማት አልቻለም።

በእኔ እምነት «ስልት የላይኛው፣ ጥገና የታችኛው» የሚለው ክፍፍል ራሱ በሽታ ነው። ከወገኖቻችን ስንቶቹ በየኮምፒውተር ክፍሉ ሌሊት ተረኛ ናቸው፤ ሥርዓቱ የት ላይ እንደሚያነክስ ያውቃሉ፣ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

በታኅሣሥ 2022 ሳውዝዌስት አየር መንገድ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የገና ሰሞን ማዕበል መጣ፤ ሌሎቹ አየር መንገዶች በቀናት ውስጥ ሲያገግሙ እሱ ወደ 17,000 በረራ ሰረዘ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መንገደኛም ተጉላላ። አብራሪና አስተናጋጅን ከአውሮፕላን ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ለውጡን መከታተል አቃተው። የአብራሪዎቹ ማኅበር ስለዚህ ሥርዓት ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። መንግሥት በ2023 የ140 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ወሰነ። በዚያ ሳምንት ግን ኩባንያው የገዛ አብራሪዎቹ የት እንዳሉ አያውቅም ነበር፤ እነሱም ያሉበትን ለማስታወቅ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ለሰዓታት ወረፋ ይጠብቁ ነበር።