ሥር የሰደደ የአንገት ሕመም፦ አያያዙና ተገቢውን ስፔሻሊስት ማግኛ መንገድ

የአንገት ሕመም ከ3 ወር በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በዓለም ዙሪያ 203 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከአንገት ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር የዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ግምት ያሳያል። አብዛኛው የአንገት ሕመም ለሕይወት አያሰጋም፤ ያለ ቀዶ ሕክምናም ይሻሻላል። ጥቂቱ ግን የኅብለ ሰረሰር መጫንን፣ የአከርካሪ ቲቢን ወይም ሌላ ከባድ በሽታን ሊያመለክት ይችላል። ይህ መረጃ በደብረ ማርቆስ ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው አስጊውን ምልክት ከማያሰጋው እንዲለዩ፣ ሕክምናው ከየት እንደሚጀመርና ወደየትኛው ስፔሻሊስት እንደሚያመራ እንዲያውቁ የተዘጋጀ ነው።

የሕመሙ መነሻዎች

አንገት 7 የአከርካሪ አጥንቶች አሉት። በአብዛኞቹ አጥንቶች መካከል ጫና የሚያለዝቡ ዲስኮች ይገኛሉ፤ ከኅብለ ሰረሰሩ የሚወጡ 8 ጥንድ ነርቮችም ወደ ትከሻ፣ ክንድና ጣት ይዘረጋሉ። ሕመሙ ከጡንቻ መወጠር፣ ከዕድሜ ጋር ከሚመጣ የአጥንትና የዲስክ መሳሳት፣ ከቦታው የተንሸራተተ ዲስክ ነርቭን ከመጫኑ ወይም ከቀድሞ ጉዳት ሊነሣ ይችላል።

የዕለት ሥራ የራሱ ድርሻ አለው። በአረምና በአጨዳ ወቅት ለረጅም ሰዓት አጎንብሶ መዋል፣ ውኃ በእንስራ ወይም በጀሪካን፣ ማገዶም በጀርባ መሸከም፣ በልብስ ስፌት፣ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ አንገትን ደፍቶ መቆየት የአንገትንና የትከሻን ጡንቻ ያደክማል። በደጋው አየር አንገት ሲገተር ምክንያቱን ለብርድ ብቻ መስጠት የተለመደ ነው። ብርድ ጡንቻን ሊያኮማትር ቢችልም፣ ለወራት የዘለቀን ሕመም በብርድ ብቻ ማመካኘት ተገቢውን ምርመራ ያዘገያል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ የታየበት ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

- የእጅ ወይም የእግር መድከም፣ ቁልፍ መቆለፍ ወይም ዕቃ መጨበጥ ማቃት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ
- ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል
- ከመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ ከመውደቅ በኋላ የተከሰተ ሕመም
- ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ፤ ይህ በተለይ የአከርካሪ ቲቢን ያስጠረጥራል
- ቀደም ሲል ካንሰር በነበረበት ሰው ላይ የተከሰተ አዲስ ሕመም
- ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስና አንገትን ወደ ደረት ማጠፍ አለመቻል፤ እነዚህ የማጅራት ገትር ምልክቶች ናቸው
- ከደረት ሕመም፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ወደ አንገት፣ መንጋጋ ወይም ክንድ የሚሄድ ሕመም፤ ይህ ከልብ ሊሆን ይችላል

ሕክምናው የሚጀመርበት ቦታ

አስጊ ምልክት ከሌለ የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያ ነው። በዚያ የሚገኘው ባለሙያ የሕመሙን ታሪክ ይሰማል፤ የእጅና የእግር ጥንካሬን፣ የስሜትና የእንቅስቃሴ ሁኔታን ይመረምራል፤ የመነሻ ሕክምናም ይሰጣል። ሕመሙ ካልተሻሻለ ወይም የነርቭ ምልክት ከታየ የሪፈር ወረቀት ይጽፋል።

የሪፈር ወረቀቱ በገንዘብም ረገድ ዋጋ አለው። በ2003 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በ4 ክልሎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ አባላቱ የሕክምና ቅብብሎሹን ደረጃ ጠብቀው ሲታከሙ ወጪያቸውን ይሸፍናል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪውን ከኪሱ እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል።

ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ነዋሪዎች ቅብብሎሹ ደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይደርሳል። የስፔሻሊስቶች የሥራ ቀን ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ከደጀን፣ ከቢቸና ወይም ከሌላ ወረዳ የሚመጣ ታካሚ ከመነሣቱ በፊት ሪፈር የጻፈለት ተቋም ከሆስፒታሉ የላይዘን ክፍል እንዲያጣራለት መጠየቅ ይችላል። ከዚህ ያለፈ ሕክምና ካስፈለገ በባሕር ዳር የሚገኙት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳን የመሰሉ ሆስፒታሎች ቀጣዮቹ ደረጃዎች ናቸው። አዲስ አበባ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱም የዓባይን በረሃ ያቋርጣል። ስለዚህ ጉዞው የታወቀ ዓላማና የተያዘ ቀጠሮ ሊኖረው ይገባል።

የትኛው ስፔሻሊስት ለየትኛው ምልክት

ተገቢውን ስፔሻሊስት የሚወስነው የሆስፒታሉ ዝና ወይም የከተማው ትልቅነት ሳይሆን የሕመሙ ምልክት ነው።

- ፊዚዮቴራፒስት፦ ሕመሙ በአንገትና በትከሻ ላይ ተወስኖ የነርቭ ድካም ከሌለ። አብዛኞቹ ታካሚዎች ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ይህ ባለሙያ ነው።
- የአጥንት ሐኪም (ኦርቶፔዲክ)፦ ስብራት፣ የአከርካሪ መጉበጥ ወይም የመገጣጠሚያ ጉዳት ሲኖር።
- የነርቭ ሐኪም (ኒውሮሎጂስት)፦ መደንዘዝ፣ ማቃጠል ወይም የእጅ መድከም ምክንያቱ ሳይለይ ሲቀር።
- የነርቭ ቀዶ ሐኪም (ኒውሮሰርጅን)፦ ኅብለ ሰረሰር መጫኑ ሲረጋገጥ ወይም የእጅ ድካም እየባሰ ሲሄድ። የዚህ ሙያ የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በመሆኑ ባለሙያዎቹ አሁንም ጥቂት ናቸው፤ በመሆኑም ወደ እነርሱ የሚላከው ታካሚ በጥንቃቄ መለየት አለበት።
- የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ የብዙ መገጣጠሚያዎች ማበጥ፣ ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ የሚቆይ መተሳሰር ወይም ትኩሳት ሲኖር።

ስለ ኤምአርአይ ምርመራ

ኤምአርአይ ውድ ምርመራ ሲሆን ለሁሉም ታካሚ አያስፈልግም። ምንም ሕመም በሌለባቸው ጎልማሶች አንገት ላይ እንኳ የዲስክ መሳሳት በብዛት ይታያል። ስለዚህ በውጤቱ ላይ «የዲስክ ችግር» ተብሎ መጻፉ ብቻ የሕመሙን ምክንያት አያረጋግጥም፤ ለቀዶ ሕክምናም በቂ ምክንያት አይሆንም። ውጤቱ ትርጉም የሚኖረው ሐኪሙ በአካል ምርመራ ካገኘው ምልክት ጋር ሲገጥም ነው።

ከሕመሙ ጋር መኖር

ለረጅም ጊዜ መተኛትና የአንገት መደገፊያ አዘውትሮ ማሰር ጡንቻን ያዳክማል። ይልቁንም የሚከተሉት ይመከራሉ።

- በፊዚዮቴራፒስት የታዘዘውን እንቅስቃሴ ሕመሙ ሲቀልም ሳያቋርጡ በየዕለቱ መሥራት
- አጎንብሶ በሚሠራ ሥራ መካከል በየግማሽ ሰዓቱ ቀና ብሎ ትከሻን ማንቀሳቀስ
- ሸክምን ከፋፍሎ መያዝ፤ የአንዱን ትልቅ ጀሪካን ውኃ በሁለት ትናንሽ ጀሪካኖች መቅዳት
- አንገትን ከደረት ጋር በአንድ መስመር የሚይዝ፣ ከፍታው መካከለኛ የሆነ ትራስ መጠቀም
- ሕመሙ ባለበት ቦታ ላይ በለብታ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል ማድረግ

የእንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሕመሙን ስለሚያባብሱ እነዚህንም ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ቤተሰብ የቤቱን ሸክም ሲጋራ የታካሚው ማገገም ይፋጠናል።

ስለ መድኃኒትና ባህላዊ ሕክምና

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ የደም ግፊትንም ይጨምራሉ። የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ሳያማክሩ ሊወስዷቸው አይገባም።

ወጌሻ በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚከበር ባለሙያ ነው። ሆኖም አንገትን በኃይል ማዞር ወይም መሳብ ኅብለ ሰረሰርን ወይም ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን ሥር ሊጎዳ ይችላል። የእጅ መደንዘዝ ወይም ድካም ያለበት፣ አደጋ የደረሰበት ወይም ቲቢ የተጠረጠረበት ሰው አንገቱን ሊታሽ አይገባም። ጠበል የሚጠመቅ ታካሚም የታዘዘለትን መድኃኒት፣ በተለይም የቲቢ መድኃኒት፣ ማቋረጥ የለበትም።

ለቀጠሮ የሚደረግ ዝግጅት

ታካሚው የሪፈር ወረቀቱን፣ የመድን መታወቂያውን፣ የቀድሞ የራጅና የላቦራቶሪ ውጤቶቹን፣ የሚወስዳቸውንም መድኃኒቶች ይዞ ይቀርባል። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያቀልለው አስቀድሞ ቢጽፍ ወይም ቢያስጽፍ ሐኪሙ በአጭር ጊዜ ብዙ ይረዳል። ከመውጣቱ በፊትም ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ የሕመሙ ምክንያት ምንድን ነው? በቤት ውስጥ ምን ይደረግ? የትኛው ምልክት ሲታይ ሳይዘገዩ መመለስ ያስፈልጋል?