የተጋጨችውን ስፓይደር ማንሣት

ግንባሯ የተጨፈለቀ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር የገዛሁት እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። (ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ቆርቆሮው» ትለዋለች።) በ1966 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ለእይታ የበቃችው ይህች መኪና ቅርጿ የፒኒንፋሪና፣ ሞተሯ ደግሞ የቀድሞው የፌራሪ መሐንዲስ የአውሬሊዮ ላምፕሬዲ ሥራ ነው።

ለብቻው የቆመ ሻሲ የላትም፤ ሸክሙን የሚይዘው ቦዲው ራሱ ነው። ስለዚህ ከስቱኮና ከቀለም በፊት ከማዕዘን ማዕዘን በሜትር አመሳቅሎ መለካት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቀጥቃጭ ይህን ዘለለው። ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ፍሬን ስይዝ ግን መኪናዋ ወደ ግራ ትሄዳለች። ልጄን አሳፍሬ መንዳት ፈራሁ። ሁሉም እንደገና ፈረሰ።

1.4 ሊትሩን ሞተር በ1.8 ለወጥነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ ያስወጣል። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠባብ ስንተካው ጭሱ ቆመ።