የቆርቆሮው ሌሊት፦ ከኮረም እስከ ጃራ

ስለ 77ቱ ረሃብ ስናወራ የምናወራው ስለ እህል ነው። ዝናብ ቀረ፣ ማሳ ደረቀ፣ ሕዝቡ ከየቀዬው ተነቅሎ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ፣ እርዳታው ዘገየ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የተላለፈውን፣ ማይክል በርክ ያቀረበውንና ኬንያዊው ሙሐመድ አሚን የቀረጸውን የኮረም ዘገባ አስታውሱት። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከረሃቡ ቀድሞ የሚጠራው የሌሊቱ ብርድ ነው። ዓለም ምስሉን አይቶ እህል ላከ። ብርዱን ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለዚያ ብርድ ላውራችሁ። ስለ ሙቀትም ጭምር፤ የእኛ አገር መከራ ሁለቱንም እያፈራረቀ ያመጣል።

የወልድያ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ወልድያ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ደቡብ ሲወርዱ መርሳ 1600 ሜትር አካባቢ ነች፤ ወደ ሰሜን ቆቦ ከ1500 በታች፣ ሰው በነጠላ የሚያድርበት ቆላ ነው። ከአላማጣ በኋላ ግን የግራካሶ ጠመዝማዛ ይጀምራል፤ ዳገቱን ሲጨርሱት ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም 2500 ሜትር ላይ ትገኛለች። በየ1000 ሜትሩ ዳገት አየሩ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ደመና የለም፤ ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር የቀኑን ሙቀት መልሳ ትለቃለች፣ ውርጩም ይወርዳል። ከራያ ቆላ የተነሳ ሰው በላዩ ላይ ያለችውን አንድ ጨርቅ ይዞ ወደዚህ ወጣ። ለምን ወጣ? እህል የሚታደለው እዚያ ስለነበረ ነው። የመጠለያ ቦታ የሚመረጠው መኪና በሚገባበት እንጂ ሰው በማይበርደው ቦታ አይደለም።

መጠለያው ደግሞ ምን ነበር? ረጃጅም የቆርቆሮ ሼድ። ሼዱ ያልበቃው ሜዳ ላይ ያድራል። በእኔ ግምት ሼድ ውስጥ መግባት ከነፋስና ከጤዛ ያድናል እንጂ ከብርድ አያድንም። ቆርቆሮ ቀን ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ማታ ከውጭው አየር እኩል፣ አንዳንዴም ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። በውስጡ የታጨቀው ሰው የሚተነፍሰው እርጥበት ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይጠራቀምና ንጋት ላይ በተኛው ሰው ላይ ይንጠባጠባል። አያቶቻችን የሠሩት የሣር ክዳን ቤት ይህ ችግር የለበትም፤ በሣሩ መሀል የታሰረው አየር ነው ብርዱንም ሙቀቱንም የሚያግደው። ለአስቸኳይ ጊዜ ግን ሣር አይታሰብም፤ ቆርቆሮ ቶሎ ይጫናል፣ ቶሎ ይመታል።

የተራበ ሰው ብርድ ከጠገበ ሰው ብርድ ይለያል። ሰውነት ሙቀት የሚሠራው ከምግብ ነው። ስቡ ካለቀ፣ ጡንቻው ከሟሸሸ፣ መንቀጥቀጥ እንኳን ያቅተዋል። በከፋ ሁኔታ የተጎዳ ሕፃን እኛ ደህና ነው በምንለው ክፍል ውስጥ ሳይቀር ሌሊት ቀዝቅዞ ይሞታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው የሕክምና መመሪያ ለእንዲህ ያለ ሕፃን መጀመሪያ የሚታየው የደም ስኳሩና የሰውነቱ ሙቀት ነው፤ ክፍሉም ከ25 እስከ 30 ዲግሪ እንዲሆን ያዛል። እስቲ ይህን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ኮረም ሌሊት ተመለሱ።

ታዲያ ማሞቂያው ምን ነበር? ሰው። ሕዝቡ ተጠጋግቶ፣ ተቃቅፎ፣ አንዱ የአንዱን ትንፋሽ ለብሶ ያድር ነበር። ሁለተኛው መዘዝ የመጣው ከዚሁ ነው። ቅማል የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ፣ የሰው ገላ ሙቀት ባለበት ነው። የበረደው ሰው ልብሱን አያወልቅም፣ አያጥብም፤ ተጠጋግቶም ይተኛል። ተስቦና ግርሻ ሁለቱም በቅማል የሚተላለፉ ናቸው፣ ሁለቱም በኮረም ነበሩ። በበርክ ዘገባ መሠረት በዚያ ሜዳ በየ20 ደቂቃው አንድ ሰው ይሞት ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ብርድ የገደለው ስንቱ እንደሆነ ማንም ሊለየው አይችልም፤ በስሙ የሚጠራው ረሃቡ ወይም በሽታው ነው፣ ብርዱ ሳይጠራ ያልፋል። ስለዚህ ነው የስንዴው ቶን ሲቆጠር የብርድ ልብሱና የሣሩ ነገር ከኋላ የሚጎተተው።

«ያ የድሮ ነው» የሚል አይጠፋም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ ስትያዝ ከራያ ቆቦ፣ ከወልድያና ከአካባቢው የተፈናቀለው ሕዝብ በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በሐይቅ አድርጎ ወደ ደሴ ጎረፈ። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ እንደ ኮረም 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ነሐሴ ደግሞ ክረምት ነው። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። የመማሪያ ክፍል ለቀን የተሠራ ነው፦ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ሲሚንቶ ላይ የተኛ ሰው ሙቀቱ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ከመደረብ አንዱን ከሥር ማንጠፍ ይሻላል። ወፍራም ጭድ፣ ሰሌን፣ ቁርበት ይሠራል። ባላገር ይህን ሳይነገረው ያውቃል። ክፍል ዘግቶ ከሰል ማንደድ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ቤተሰብ ሙሉ ይጨርሳል።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። በሀብሩ ወረዳ ጃራ መጠለያ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በድንኳን ውስጥ ኖረዋል። እዚያ ጠላት የሚሆነው ቀኑ ነው። ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ከውጭው በላይ ይሞቃል፤ ሕፃን የያዘች እናት ቀትር ላይ ድንኳኑን ለቃ የዛፍ ጥላ ትፈልጋለች። በየሠርጉና በየለቅሶው ዳስ የምንጥል ሰዎች ለዚህ መድኃኒቱን እናውቃለን፦ በአራት ቋሚ ላይ ቅጠልና ሣር፣ ከድንኳኑ ጣሪያ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ፣ ነፋስ በመሀል እንዲያልፍ። ጥላው ፕላስቲኩን ሳይሆን ፀሐዩን ይዞ ያስቀራል። ዳሱን ለሙሽራና ለሟች ስንጥለው ለተፈናቃይ መጣል ለምን እንደማይታየን አይገባኝም።

ሀብታሞቹስ ምን አደረጉ? ፈረንሳይ በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በመጣባት ሙቀት 15 ሺህ የሚጠጋ ሰው አጣች፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የአረጋውያን መኖሪያ ቢያንስ አንድ የቀዘቀዘ ክፍል እንዲኖረው ተደነገገ። ሕንፃውን በሙሉ አላሉም፤ አንድ ክፍል ነው ያሉት፣ ሰዉ በየተራ እየገባ ጥቂት ሰዓት እንዲያርፍበት።

እኔ ለወልድያና ለመርሳ የምለው ይህንኑ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ መጠለያ የሚሆኑት ትምህርት ቤቶችና አዳራሾች ከወዲሁ የታወቁ ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ክፍል ለአራስ፣ ለሕፃንና ለሽማግሌ ይለይ። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይወጠርለት፤ ገንዘብ ከሌለ ድሮ በየቤቱ እንደምናደርገው አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ይበቃል፣ በጣሪያውና በጨርቁ መሀል የሚታሰረው አየር ሥራውን ይሠራል። የመስኮቱ ስንጥቅ በጭቃ ይደፈን፤ ጭስ መውጫው ይተው። ሰሌኑና ጭዱ በመኸር፣ ጭድ ርካሽ ሲሆን፣ ተገዝቶ ይቀመጥ። ከወልድያ ወደ መርሳ ሲወርዱ ደግሞ የኮርኒሱ ገንዘብ ግማሹ ወደ ዳስ እንጨት ይዙር።