ከማንኩሳና ከፍኖተ ሰላም እስከ ስድስት ኪሎ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የት ደረሱ?

"የማንኩሳ ልጅ" ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው በዛብህን ነው። የ"ፍቅር እስከ መቃብር" በዛብህ ግን የልብ ወለድ ሰው ነው። እኛ ዛሬ የያዝንላችሁ የእውነት ሰዎችን ነው። ከኛው ሰፈርና ከሌላም የአገሪቱ ጥግ ተነስተው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኩል አልፈው፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው የሄዱ።

ለምን አሁን? የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር አንድ ነገር ደጋግመን እንሰማለን። "ያልፈለግኩት ዲፓርትመንት ደረሰኝ፣ በቃ አለቀልኝ" የሚል። እስኪ የሌሎቹን መንገድ አብረን እንይና ማለቅ አለማለቁን እናንተው ፍረዱ።

መጀመሪያ ስለ ዩኒቨርሲቲው በአጭሩ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 "የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ" ተብሎ ነው። በ1961 የዓለማያ እርሻ ኮሌጅን፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅን እና ሌሎችንም አቅፎ "ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ" ሆነ። የዛሬ ስሙን ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ በ1975 ነው። ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ ካልተገለጸ በቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ፦ የፍኖተ ሰላሟ ሳይንቲስት

ከኛው እንጀምር። ዶ/ር ሰገነት የተወለዱት ፍኖተ ሰላም ነው። ያደጉት እንደማንኛዋም የገጠር ልጅ ነው፤ ሥራው አለ፣ እርሻው አለ። የአንበጣ መንጋ መጥቶ ሰብሉን ጠራርጎ ሲበላው በልጅነታቸው አይተዋል። ሴት ልጅ ገና በለጋ ዕድሜዋ በምትዳርበት ዘመን እሳቸው ያመለጡበትን ምክንያት ሲናገሩ፣ "አስቸጋሪ ስለነበርኩ የሚደፍረኝ ጠፋ" ዓይነት ነገር ነው የሚሉት።

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ተመረቁ። ከአካባቢያቸው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ከዚያ አሜሪካ ሄደው ሁለተኛ ዲግሪ በሞንታና፣ ዶክትሬት በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት በሽታ ጥናት ሠሩ። ኮሎምቢያ ውስጥ በዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል 15 ዓመት ገደማ ከቆዩ በኋላ በ2007 ወደ አፍሪካ ተመለሱ። በ2013 ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል (ኢሲፔ) ዋና ዳይሬክተር ሆነው ለአሥር ዓመት ያህል መሩት። ይህን ቦታ የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። በ2014 ደግሞ የሎሬያል–ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማትን አገኙ። የተሸለሙበት ጥናት በከብት መኖ ሣር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ሣሩ በሽታንና አስቸጋሪ አየርን እንዲቋቋም እንዴት እንደሚያግዙት የሚያሳይ ነው። ለሳር ለመኖ የሚጨነቅ ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

2. በዕውቀቱ ስዩም፦ ሳይኮሎጂ ተምሮ ገጣሚ

ይኸው የእውነቱ የማንኩሳ ልጅ! አባቱ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። በዕውቀቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሳይኮሎጂ ነው። እናንተ የምታውቁት ግን በግጥሙ፣ በወጉና በቀልዱ ነው። "ኗሪ አልባ ጎጆዎች" የመጀመሪያ የግጥም መድበሉ ነው። "እንቅልፍና ዕድሜ" እና "መግባትና መውጣት" የሚሉ ልብ ወለዶች፣ "ከአሜን ባሻገር" የሚል የጉዞና የወግ መጽሐፍም አለው። በ2012 ከለንደን ኦሊምፒክ ጋር ተያይዞ በተዘጋጀው የዓለም ገጣሚያን ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያን ወክሏል። የሰው ባሕርይ ማጥናቱ ለጽሑፉ ጠቅሞታል ወይስ አልጠቀመውም? አንብባችሁ ፍረዱ።

3. ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ፦ አቀንጭራን የታገሉት

በ1973 የተመረቁት ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ነው። ያኔ ኮሌጁ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ አካል ነበር፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። አሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ በማውጣት በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ተጣብቆ የሚመጥ አረም ነው። ማሳው ላይ ያየው ያውቀዋል።

4. ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እና ዮሐንስ ኃይለሥላሴ፦ አጥንት ፈላጊዎቹ

ሁለቱም የሰው ዘር አመጣጥ ተመራማሪዎች ናቸው። የመጡበት በር ግን ለየቅል ነው። ዘረሰናይ በ1990 የተመረቀው በጂኦሎጂ ነው። በ2000 አፋር ዲኪካ ላይ የእሱ ቡድን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን የሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። ስሟ "ሰላም" ነው። ዮሐንስ ደግሞ በ1982 የተመረቀው በታሪክ ነው። አዎ፣ በታሪክ! ከዚያ በብሔራዊ ሙዚየም ሠርቶ፣ በርክሌይ ተምሮ፣ ዛሬ ስሙ ከዓለም ታላላቅ የቅሪተ አካል ግኝቶች ጋር ይነሳል።

5. መዓዛ አሸናፊ፦ ከፍርድ ቤት እስከ ፊልም

የሕግ ምሩቅ ናቸው። በ1995 የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችውን ታዳጊ ማኅበሩ ተከራክሮላት ነፃ ወጣች። በ2014 የወጣው "ድፍረት" ፊልም ታሪኩን ከዚያ ነው የወሰደው። ወ/ሮ መዓዛ በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

6. ኃይለማርያም ደሳለኝ፦ ከሲቪል ምህንድስና ወደ ቤተ መንግሥት

በ1988 በሲቪል ምህንድስና ተመርቀው አርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋምን በዲንነት መሩ። በ2012 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ2018 በፈቃዳቸው ለቀቁ።

ታዲያ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ ዲፓርትመንት በር ነው እንጂ ቤት አይደለም። ሳይኮሎጂው ግጥም፣ ታሪኩ ቅሪተ አካል፣ ምህንድስናው ፖለቲካ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ እንዳንዋሽ። እዚህ የዘረዘርናቸው ጎልተው የወጡት ናቸው። ዲግሪውን ይዞ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተተው ስንቱ ነው? ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ለዓመታት ተምረዋል። ወረቀቱ ብቻውን ያደረሰው ሰው እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ሦስተኛ፣ በሩ ራሱ ጠቧል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ገደማ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። በኛ አካባቢ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ስንት ልጅ ከክፍል እንደራቀ እናንተው ታውቃላችሁ። ቀጣዩዋ ሰገነት ዛሬ ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ እንስራ ተሸክማ ውኃ እየቀዳች ይሆናል። ይህን ስትሉ "እሷ እኮ ጎበዝ ናት፣ ታልፋለች" አትበሉ። ጎበዝ ብትሆንም መጀመሪያ የምትገባበት ክፍል ያስፈልጋታል።

ቤታችሁ እህት ካለቻችሁ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስጧትና የዶ/ር ሰገነትን ታሪክ ታንብበው። በሚቀጥለው በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች እንመለሳለን። ቸር ያቆየን!