ጠገራው ይጠብቃል፣ ወረቀቱ አይጠብቅም

ጁገል ውስጥ ካሉ የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። ባለ ቀለም ስፌቶችና ሰሃኖች ከላይ እስከ ታች ተሰቅለዋል። ቤቱ ያለውን ሁሉ ለእንግዳ የዘረገፈ ይመስላል። ነገር ግን የማይታይ ቦታም ሞልቶታል።

ከመደቦቹ አንዱ ሱትሪ ነደባ ይባላል፤ ከበር የሚገባ ሰው በቀጥታ አያየውም። ከሳሎኑ ጎን ደራ የሚባል ጓዳ አለ። ግድግዳው ውስጥ ታቄት የሚባሉ መደርደሪያዎች ተፈልፍለዋል። አፍላላ የሚባሉ የስፌት ክዳን ያላቸው ጥቋቁር ዕቃዎችም አሉ፤ የቤቱ እመቤት ጌጧን፣ ገንዘቧንና መድኃኒቷን የምታኖረው እዚያ ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? የከተማዋ ታሪክ መልስ አለው።

ሐረር የራሷ ገንዘብ ነበራት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሲመጣ አሚሮቹ የሚያስቀርጹት ማሐለቅ የሚባል ሳንቲም በገበያዋ ይሠራ ነበር። በ1868 ግብጾች ያዟት፤ በ1877 ለቀው ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ነገሡ፤ በ1879 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የምኒልክ ሠራዊት ገባ። በ11 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ገዥ ተለወጠ። በአንድ ገዥ ስም የተመታ ሳንቲም ዕድሜው በዚያ ገዥ ዕድሜ የሚወሰን መሆኑን ሐረሬው ከዚህ በላይ የሚያስተምረው አልነበረም።

ማርያ ቴሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር፣ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ በየትኛውም ዘመን ቢመታ 1780 የሚለው የፈረንጅ ዓመት አይለወጥበትም። ማን ነገሠ ማን ወረደ ሳይባል ብርነቱ ይታወቃል። በ1928 የገባው ጣሊያን በሊሬ ሊተካው ቢሞክርም ሕዝቡ ጠገራውን እየሸሸገ ሊሬውን ሲጠራጠር ኖረ። መሬት ውስጥም ሆነ አፍላላ ውስጥ የከረመ ጠገራ ሲወጣ ያው ብር ነው።

ባንክስ? የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ሐረር ቅርንጫፍ አቆመ። ነገር ግን ወለድ በእስልምና ክልክል ነው፤ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት ከተማ ይህ ቀላል እንቅፋት አልነበረም። ከወለድ ነፃ ብቻ የሚሠሩ ባንኮች ሥራ የጀመሩት ገና በ2013 ነው።

መንግሥትም ጥርጣሬውን ያጸናው ጊዜ ነበር። በ1940 ከኩሉብ እንቅስቃሴ ጋር ተያይዞ ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ንብረትም ተወረሰ። በ1967 የካቲት ላይ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ትርፍ የከተማ ቤት የመንግሥት ሆነ። የሚታየው ሀብት ሁሉ በአዋጅ ሲሄድ በየቤቱ የቀረው የእናቶች ወርቅና ብር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት በዝምታ ገባ። ልጆች የመደበቅን ልማድ ወረሱ፤ የሚደበቀው ግን ወረቀት ሆነ። ወረቀት ደግሞ እንደ ማሐለቁ በመንግሥት ቃል የሚኖር ነው። በ1969 የንጉሡ ምስል ያለበት ኖት ተቀየረ። በ1990 እንደገና ተቀየረ። መስከረም 4 ቀን 2013 አዳዲስ ኖቶች ይፋ ሲሆኑ ለመቀየሪያ የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። በየፍራሹና በየሣጥኑ የተቀመጠውን ሳይናገር የሞተ ሰው፣ ልጆቹ ዘግይተው ቢያገኙት ያገኙት ወረቀት ብቻ ነው። ቀነ ገደቡ ያላጠፋውንም የዋጋ ንረት በላው፤ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ደግሞ የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በወራት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወረደ።

ዛሬ የቀድሞዎቹ ሳንቲሞችና ጌጦች ሐረር በሚገኘው የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ይታያሉ። ከዚያ ትውልድ ሊወረስ የሚገባው መደበቂያው ሳይሆን ሁለት ጥያቄ ነው፦ የሚቀመጠው ነገር መንግሥት ቢለወጥ፣ ዓመታት ቢያልፉ ዋጋው ይቆያል? የት እንዳለስ ከአስቀማጩ ሌላ የሚያውቅ አንድ ታማኝ ሰው አለ? ለሁለቱም መልስ የሌለው ገንዘብ፣ ሌባ ባይደርስበትም፣ ጠፍቷል።