የመሬት ጭራና ምንጩ ያልታወቀው ጉልበት

መሬት ጭራ አላት ብንላችሁ ትስቁ ይሆናል። ግን አላት። ከፀሐይ ሳያቋርጥ የሚነፍሰው የቅንጣቶች ጅረት የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ በቀን በኩል ይጫነዋል፣ በሌሊት በኩል ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የተጎተተው ክፍል ከጨረቃ ምሕዋርም አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1963 የመጠቀችው ኢምፕ 1 የተባለች የአሜሪካ ሳተላይት በላከችው ልኬት ላይ ተመሥርቶ ኖርማን ኔስ በ1965 የጭራውን ቅርፅ አሳየ።

ጭራው ባዶ አልነበረም። በ1976 ኢማኑኤል ሳሪስ፣ ስታማቲስ ክሪሚጊስና ባልደረባቸው ከኢምፕ 7 ያገኙትን አሳተሙ፦ ከመሬት 220 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ድንገት ፈንድተው ወዲያው የሚጠፉ፣ እጅግ ፈጣን ፕሮቶኖችና ኤሌክትሮኖች።

ታዲያ ምኑ ይገርማል? ሒሳቡ! ከጭራው አንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ያለው የቮልቴጅ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። 50 ሺህ ቮልት ነው እንበል። አንድ ፕሮቶን ከዳር እስከ ዳር ቢሻገር የሚያገኘው 50 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። በጭራው ውስጥ ግን እስከ ሚሊዮን የሚደርሱ ይገኛሉ። ደሞዙ አምስት ሺህ ብር የሆነ ሰው በወሩ መጨረሻ መቶ ሺህ ይዞ ቢመጣ ከየት አመጣኸው አትሉትም?

መልሱ ያለው ሒሳቡ ሳይናገር በያዘው ግምት ላይ ነው፤ መስኩ አይለወጥም ብሎ ነበር የተነሣው። ጭራው ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከፀሐይ ነፋስ ጉልበት እያጠራቀመ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ከዚያ የመግነጢስ መስመሮቹ ተቆርጠው እንደ አዲስ ይገናኙና ወደ መሬት ይስፈነጠራሉ። ይህ ንዑስ ማዕበል ይባላል። ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው ደግሞ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ የራሱን የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል፤ ይህኛው በዳርና ዳር ልዩነት አይገደብም። እያጠረ በሚሄድ መስመር ላይ የተያዘ ቅንጣትም እየተቀራረቡ ባሉ ሁለት ግድግዳዎች መካከል እንደምትነጥር ኳስ በየምልልሱ ይፈጥናል። (ወደ መሬት የተገፉት ኤሌክትሮኖች 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባሉት የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ገላ ላይ ተጠራቅመው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያስነሡ ይችላሉ፤ መሐንዲሶች ነገሩን የሚከታተሉት ለዚህ ነው።)

የቀረው ጥያቄ ማን ይቀድማል የሚለው ነበር፦ መስመሮቹ የሚቆረጡት ነው ወይስ መሬት አጠገብ ያለው ጅረት የሚናጋው? አንድ ሳተላይት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መሆን ስለማይችል ክርክሩ ለዓመታት ቆየ። ናሳ በ2007 ቴሚስ የተባሉ አምስት ሳተላይቶችን በአንድ ሮኬት ላከ። የካቲት 26 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ወደ ጨረቃ ከሚወስደው መንገድ ሲሶው ላይ መስመሮቹ ተቆረጡ። ከአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ ሰሜን አሜሪካ ላይ ያለው የዋልታ ብርሃን ፈካ፤ የቅርቡ ጅረት የተናጋው ከዚያ በኋላ ነው።