ያገለገለ ቱርቦ በተራ ሞተር ላይ፤ ስለ አመጣጡና ስለ እውነተኛ ዋጋው

ከፋብሪካ ያለ ቱርቦ በወጣ መኪና ላይ ከሌላ መኪና የተፈታ ቱርቦ መግጠም፣ ገንዘባቸው ጥቂት የሆነ ሰዎች፣ ይልቁንም ወጣቶች፣ አብዝተው የሚመኙት ሥራ ነው። ዕቃው ከአሮጌ መኪና ሲፈታ ከአዲሱ ዋጋ በእጅጉ ባነሰ ይገኛል። ሆኖም በዚህ ዐይነት የተሠራ ሞተር ዕድሜው ሲያጥር ይታያል፤ ምክንያቱም ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቱርቦው አሮጌ ስለ ነበረ ነው» የሚል ነው። እኛ ይህ መልስ ከነገሩ ታሪክ ጋራ የማይስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። ታሪኩን ከመጀመሪያው ስንከታተለው፣ ሞተርን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው መንኰራኵር ሳይሆን፣ መንኰራኵሩ ያመጣው ሙቀትና ከአየሩ ጋራ ሳይመጣጠን የቀረው ነዳጅ ነው። ስለዚህ ርካሹ ዕቃ ርካሽ የሆነበትን ምክንያትና ውዱ ነገር የት እንዳለ ለመመርመር እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጕልበት ሲሶ የሚሆነው በጭስ መውጫው ከነሙቀቱ ወጥቶ ይጠፋል። ይህን ባክኖ የሚቀር ጕልበት ለመያዝ ያሰበው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ሲሆን፣ ለአሳቡ የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሰነድ በ1905 ዓ.ም. የተመዘገበ ነው። አሳቡ ሲገለጽ ቀላል ነው፤ ጭሱ አንድ መንኰራኵር ያዞራል፣ በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለው ሁለተኛ መንኰራኵር ደግሞ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ይገፋል። አየር ሲበዛ ነዳጅም መጨመር ይቻላል፤ ነዳጅ ሲጨመር ኀይል ይጨምራል። ቡኺ በዊንተርቱር ከተማ በሱልዘር ፋብሪካ ሲሠራ የመጀመሪያውን የሙከራ ሞተር በ1911 ዓ.ም. አቆመ፤ ነገር ግን ሥራው በንግድ ላይ ሊውል የቻለው ከአሳቡ ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ፕሮይሰንና ሐንዘሽታት ዳንዚግ የተባሉት ሁለት የጀርመን መርከቦች በ1920ዎቹ አጋማሽ ቱርቦ ያላቸው የናፍጣ ሞተሮች ሲገጠሙላቸው፣ የሞተሩ ኀይል ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጕልበት ከፍ አለ። ሃያ ዓመት ያዘገየው የአሳቡ ክብደት አልነበረም። ከሚቃጠል ጭስ ፊት ሳይቀልጥ የሚዞር ብረት ማግኘትና የጭሱን አወጣጥ ማስተካከል ነበር።

በዚህ መካከል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሌላ ችግር ተነሣ፤ አይሮፕላኖች ከፍ ባሉ ቍጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተራቸውም ይደክማል። በፈረንሳይ ኦጉስት ራቶ፣ በአሜሪካ ደግሞ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያው ሳንፎርድ ሞስ ለዚህ መፍትሔ ቱርቦን መረጡ። ሞስ በ1918 ዓ.ም. ሊበርቲ የተባለውን የአይሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ፣ ወደ 4,300 ሜትር ከፍታ፣ አወጣው። በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጕልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ጫፍ ላይ ወደ 230 ወርዶ ነበር፤ ቱርቦው ሲሠራ ግን 356 ሰጠ።

አንባቢ በዚህ ቍጥር ላይ ጥቂት እንዲቆም እንለምናለን፤ የሚቀጥለው ነገራችን ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። ሞስ ለሞተሩ ከተሠራበት ልክ በላይ ምንም ያህል አልጨመረለትም፤ ተራራው የወሰደበትን ብቻ መለሰለት። ፒስተኑም ሆነ ቴስታታው በባሕር ጠለል የለመዱትን ግፊት እንጂ አዲስ ሸክም አልተሸከሙም። እንግዲህ ቱርቦ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት፤ አንደኛው የጐደለውን መመለስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከልክ በላይ መጨመር ነው። በጋራዥ ወሬ ሁለቱ እንደ አንድ ነገር ሲነገሩ እንሰማለን፤ ከዚህ የበለጠ ሰውን የሚያሳስት ነገር ያለ አይመስለንም።

ሁለተኛው ሥራ በተሳፋሪ መኪና ላይ ለገበያ የቀረበው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ያቀረቡትም በጄኔራል ሞተርስ ሥር የነበሩ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሼቭሮሌ ኮርቬር በተባለው መኪናው ላይ ቱርቦ ሲገጥም የመጭመቁን ልክ ወደ 8 ለ 1 ዝቅ አደረገ፣ የሞተሩንም ዋና ዘንግ ከጠነከረ ብረት ሠራ፤ ያገኘው 150 የፈረስ ጕልበት ነበር። ኦልድስሞቢል ግን ጄትፋየር በተባለው መኪናው ላይ ሌላ መንገድ መረጠ። የመጭመቁን ልክ በ10.25 ለ 1 እንደ ከፍታው ተወው።

ይህ ከፍታ ምን እንደሚያመጣ መግለጽ ያስፈልጋል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ በቱርቦ አንድ ጊዜ የተጨመቀ አየር በሲሊንደር ውስጥ እንደገና ሲጨመቅ፣ ከካንዴላው ብልጭታ የተነሣው እሳት ሳይደርስበት ቤንዚኑ በገዛ ሙቀቱ ይፈነዳል። መካኒኮች «ሞተሩ አንኳኳ» የሚሉት ይህንን ነው፤ ማንኳኳቱ ከቀጠለ ፒስተኑ ይሰነጠቃል ወይም ይበሳል። ኦልድስሞቢል ይህን ለማገድ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ በልዩ ታንክ አድርጎ ወደ ሞተሩ ያስረጭ ነበር። ፈሳሹ ሲያልቅ ግፊቱን የሚቀንስ መሣሪያም አበጀለት። መሣሪያው ብልህ ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን ታንኩን መሙላት ረሱ፣ ወይም ሰለቹ፤ መኪናው ደከመብን ብለውም አማረሩ። መኪናው በ1963 ዓ.ም. መሠራቱ ቆመ፤ ኩባንያውም በኋላ ለደንበኞቹ ቱርቦውን አውልቆ በቦታው ተራ ካርቡራተር እስከ መግጠም ደረሰ። የመጭመቁን ልክ ዝቅ ያደረገው የሼቭሮሌ ቱርቦ ግን እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ተሸጠ። በእኛ አስተያየት ከእነዚህ ከሁለቱ መኪናዎች ታሪክ የበለጠ ያገለገለ ቱርቦ ለሚገዛ ሰው የሚጠቅም ንባብ የለም፤ ቱርቦ ሳይኖረው የተሠራ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የመጭመቁ ልክ ለቱርቦ ከተሠራው ከፍ ያለ ነውና።

ያገለገለው ቱርቦ በገበያ ላይ የበዛው ከዚህ በኋላ ነው። ከነዳጅ መወደድ በኋላ ፋብሪካዎች ትንንሽ ሞተሮችን በቱርቦ ማበርታት ጀመሩ። ሳብ በ1977 ዓ.ም. ያሳየው 99 ቱርቦ፣ ትርፉን ጭስ በጐን በር እያስወጣ ግፊቱን በልክ የሚይዝ ሆኖ፣ ከሁለት ሊትር ሞተር 145 የፈረስ ጕልበት አወጣ። ቮልቮ፣ ፎርድ፣ ክራይስለርና የጃፓን ፋብሪካዎችም በ1980ዎቹ ውስጥ በብዛት ሠሩ። እነዚህ መኪናዎች አርጅተው በየመፈታቻው ሲጣሉ፣ ጋሬት የተባለው ፋብሪካ የሠራቸው ቲ3 የሚባሉት ቱርቦዎች አብረዋቸው ተጣሉ። የቲ3 መግጠሚያ አፍ ባለ አራት ቡሎን ሆኖ በብዙ መኪናዎች ላይ አንድ ዐይነት ስለ ነበረ፣ ከአንዱ የተፈታው ለሌላው ለመበየድ አላስቸገረም። ርካሽ ያደረገው እንግዲህ ይህ ነው፤ የዕቃው ዝቅተኛነት አይደለም።

በአሜሪካ የዚህ ሥራ መለማመጃ ከሆኑት መኪናዎች አንዱ በ1989 ዓ.ም. የወጣው ማዝዳ ሚያታ ነው። ባለ 1.6 ሊትሩ ሞተር የመጭመቁ ልክ 9.4 ለ 1 ሲሆን፣ ዘመዱ የሆነው የማዝዳ 323 የቱርቦ ሞተር ግን 7.9 ለ 1 ነበር። ፋብሪካው ራሱ ቱርቦ ሲያስብ ሞተሩን ከውስጥ ለውጦታል ማለት ነው። ሚያታውን በቤቱ የሚለውጠው ሰው ይህን ሳይነካ ቱርቦውን ከውጭ ስለሚሰቅል፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ መያዝና ነዳጁን በትክክል መለካት ግድ ይሆንበታል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የመኪናው የአየር መለኪያ በአየር ግፊት የሚከፈት ትንሽ በር ስለ ሆነ፣ በሩ ጨርሶ ከተከፈተ በኋላ የሚገባውን ትርፍ አየር አያውቀውም፤ ነዳጅም አይጨምርለትም። ነዳጅ ያነሰው እሳት ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል፣ ሞተሩም ያንኳኳል።

የድኻው ዘዴ ለብዙ ዓመታት አንድ ትንሽ መቈጣጠሪያ ነበረ፤ የቱርቦው ግፊት ሲጨምር የቤንዚኑን ግፊት አብሮ የሚያስጨምር ነው። ኮርኪ ቤል በ1997 ዓ.ም. ባሳተመው «ማክሲመም ቡስት» በተባለው መጽሐፉ ስለ እነዚህ ጕዳዮች በሰፊው ጽፏል። ዘዴው ለትንሽ ግፊት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግን ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ ሜጋስኩዊርት የተባለውን፣ ገዢው ራሱ በብየዳ የሚገጣጥመውን፣ የነዳጅ መቈጣጠሪያ ኮምፒዩተር ሲያወጡ ለጥቂት ገንዘብ እውነተኛ ልኬት ተገኘ። በአነስተኛ ገንዘብ ቱርቦ መግጠም የሚለው ነገር በእኛ አስተያየት በትክክል የተጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አብዛኛው ዕድል ነበር።

ስለ ዕቃው አመራረጥ ብዙ አንልም። ዘንጉ በጣት ሲነካ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ የለበትም፤ ወደ ጐን ጥቂት ቢንቀሳቀስ ግን ምላጮቹ ግድግዳውን እስካልነኩ ድረስ የተለመደ ነው። ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚዞረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው። ስለዚህ የዘይቱ መግቢያ ቀጭን ቢሆንም መመለሻው ወፍራም፣ ቍልቍል የሚወርድና ከካርተሩ ዘይት ከፍ ብሎ የሚገባ መሆን አለበት። ጭስ የሚያጨስ ቱርቦ «ተበላሸ» ተብሎ ሲጣል፣ ጥፋቱ የዚህ የመመለሻ ቱቦ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ስፍራ ዕቃውን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ሁሉ በቱርቦው ላይ ባይጨርስ፣ ለቱቦውና ለነዳጁ መለኪያ ቢያስቀር ይሻለዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የሞስ ተራራ ትዝ ይለናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በገጠር መንገዶቻችን በብዛት የሚታየው ላንድ ክሩዘር የሚጠቀምበት ዋን ኤች ዜድ የተባለው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር በ1990 ዓ.ም. ያለ ቱርቦ የወጣ ነው። የናፍጣው ፖምፓ ለከፍታ የተለየ ማስተካከያ ከሌለው፣ ለባሕር ጠለል የተመጠነውን ናፍጣ በሩብ ለቀነሰ አየር ይሰጣል፤ በዳገት የሚታየው ጥቍር ጭስ ከዚህ የሚመጣ ነው። ለዚህ ሞተር ሩብ ባር ያህል ብቻ የሚገፋ ቱርቦ ቢገጠምለት፣ የፖምፓውም ቡሎን ሳይነካ ቢተው፣ የሚሆነው ሞስ ያደረገው ነው። ጭሱ ይቀንሳል፣ ዳገቱም ይቀላል፣ ሞተሩም ከተሠራበት ልክ ብዙ አይወጣም። ቡሎኑን ዞር አድርጎ ናፍጣ የሚጨምር ሰው ግን ወደ ሁለተኛው ሥራ ተሻግሯል። ከዚህ በኋላ የጭሱን ሙቀት ከቱርቦው በፊት የሚለካ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ይህ ሞተር ናፍጣውን የሚያቃጥለው በመጀመሪያ በቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ስለ ሆነ፣ ሙቀት ሲበዛበት ቴስታታው በዚያ አካባቢ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ይቀራል። ግፊቱን በልክ የሚይዘው የጭስ በር ተዘግቶ የሚቈየው በስፕሪንግ ሲሆን፣ ስፕሪንጉ የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሩብ ባር የተስተካከለ ቱርቦ እንግዲህ የጐደለውን ይመልሳል። ያው መኪና በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ግን በዙሪያው ያለው አየር ራሱ እየከበደ ይሄዳል፤ ስፕሪንጉ ያችኑ ሩብ ባር ይጨምርበታል። በወደቡ ላይ ሞተሩ የሚሸከመው ፋብሪካው ከገመተለት በሩብ የበለጠ ግፊት ነው፤ ይህም የሚሆነው በቈላ ሙቀት ውስጥ ነው። ለከተማው ብቻ የሚነዳ ሰው ይህን ቢተወው ግድ የለም። ወደ ቈላ የሚወርድ ግን ከመንገዱ በፊት ስፕሪንጉን ማላላት፣ ወይም ከመጀመሪያው ለወደቡ በሚስማማ ልክ ማስተካከልና በደጋው ላይ በጥቂቱ መብቃቃት ይኖርበታል።